«ልጄ ኤም ኤም ኤ የተጀመረው ሮዶስ ነው ይለኛል፤ እውነት ነው?»

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። ለኦክቶበሩ የትምህርት ቤት እረፍት ግሪክ አገር ሮዶስ ደሴት ላይ፣ ኢያሊሶስ በሚባል ቦታ፣ የአንድ ሳምንት ኦል ኢንክሉሲቭ ሆቴል ገዝተናል። የ16 ዓመት ልጄ ኤም ኤም ኤ፣ ማለትም ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀለበትን ፍልሚያ፣ ይሠለጥናል። አሠልጣኙ ‹ስፖርታችን የተወለደው እዚያ ደሴት ላይ ነው› ብሎት ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ሄደን የምናየው ነገር አለ ወይስ ከሆቴሉ ባንወጣ ይሻላል? ባለቤቴ ከመዋኛው ዳር መነሣት አይፈልግም። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ድብድቡን አልወደውም።»

እህቴ፣ አንቺ ስልሽ ቅር እንዳይልሽ፤ ከልጅሽ የሚበልጡ ልጆች ያሉኝ ሰው ነኝ። አቴንስ ተቀምጬ በአስጎብኚነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ከሁሉ ይልቅ የምወደውም የጥንቱን የስፖርት ታሪክ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን ሳይ ደስ አለኝ፤ መልሴ ቢረዝም ጥፋቱ የልጅሽ ነው።

አሠልጣኙ ግማሽ መንገድ ልክ ነው። ኤም ኤም ኤ ሮዶስ ላይ አልተወለደም። ነገር ግን ከጥንት ተፋላሚዎች ሁሉ ታሪኩ ከአባት እስከ ልጅ ልጅ ተመዝግቦ የቆየልን አንድ ቤተሰብ የሮዶስ ሰው ነው። ከሮዶስም የት ብትዪኝ ከኢያሊሶስ፤ አንሶላ ተነጥፎ ከሚጠብቃችሁ ከዚያው ከኢያሊሶስ። ደግሞ እሱን ፍለጋ ሩቅ አትሄዱም። የምታርፉበት አውሮፕላን ማረፊያ ስሙ «ዲያጎራስ» ነው። ብዙው ተጓዥ ሻንጣውን እየጎተተ በሥሩ ያልፋል እንጂ ዲያጎራስ ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ዲያጎራስ የኢያሊሶስ ቡጢኛ ነበር።

ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ስለ ስፖርቱ ልናገር። የጥንት ግሪኮች ሦስት ዓይነት ግጥሚያ ነበራቸው። አንዱ ትግል ነው፤ ባላጋራውን ሦስት ጊዜ የጣለ ያሸንፋል። ሁለተኛው ቡጢ ነው፤ እጃቸውን በቆዳ ጠፍር ጠቅልለው ፊት ለፊት ይቀጣቀጣሉ። ሦስተኛው ፓንክራቲዮን ይባላል፤ «ሁሉ» እና «ኃይል» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ስም ነው። በዚህኛው መምታት፣ መርገጥ፣ መጥለፍ፣ አንሥቶ መጣል፣ ማነቅ፣ ክንድና ቁርጭምጭሚት መጠምዘዝ ሁሉ ይፈቀዳል። ክልክል የነበረው መንከስና ጣት ዓይን ውስጥ መክተት ነው። በጦረኝነታቸው የታወቁት ስፓርታዎች እነዚህንም ቢሆን አይከለክሉም ነበር ይባላል፤ የስፓርታ ነገር ምንጊዜም እንዲህ ነው።

የጥንቱ ኦሎምፒክ ይደረግባት በነበረችው በኦሎምፒያ ፓንክራቲዮን የተጨመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ648 ነው። ከዚህ በኋላ ዓመተ ምሕረት ካልጨመርኩ ሁሉም «በፊት» ነው፤ ቁጥሩም ወደ ታች ነው የሚቆጥረው። የመጀመሪያው አሸናፊ የሲራኩሱ ሊግዳሚስ ነበር። ሲራኩስ ሲሲሊ ላይ ናት። እንግዲህ የልጅሽ አሠልጣኝ «ደሴት» ማለቱን መታለት፣ ደሴቲቱን ግን ሳተ።

ዙር የለም፤ ሰዓት የለም፤ የክብደት ምድብ የለም። ከብር ማሰሮ ውስጥ ባቄላ የምታህል ዕጣ ይወጣል፤ በላይዋ ፊደል አለባት፤ አንድ ዓይነት ፊደል የደረሳቸው ይጋጠማሉ። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ብቻውን የቀረው ሰው ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል፤ የደከመ ሰው ስለሚደርሰው ትልቅ ዕድል ነበር። ግጥሚያው የሚያበቃው አንዱ ጣቱን ቀና አድርጎ «በቃኝ» ሲል ነው። ዛሬ ልጅሽ ባላጋራውን መታ መታ አድርጎ እጅ መስጠቱን እንደሚያስታውቀው ማለት ነው። በ472 የፈረስ ውድድሩና አምስት ስፖርት የሚያጣምረው ውድድር ቀኑን ስለበሉባቸው ፓንክራቲዮኑ ሌሊት ድረስ ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን ለማስተካከል ተገደዋል።

ለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ ከ490 እስከ 480 ባለው ጊዜ ገደማ የተሠራ የወይን ጽዋ አለ። ሥዕሉ ላይ ሁለት ሰዎች ተጠላልፈው ይታያሉ፤ አንዱ ጣቱን ባላጋራው ዓይን ውስጥ ይሰዳል። ከኋላው ዳኛው በትሩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ ሊያወርድበት ነው። ሕጉን ያፈረሰ ያኔውኑ ነበር የሚገረፈው። ለቱሪስቶቼ ሥዕሉን በስልኬ ሳሳያቸው ሁሉም መጀመሪያ የሚያዩት ጣቱን ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማየው በትሩን ነው። ሰዉ «ሕግ የለሽ ድብድብ» የሚለው ጨዋታ ዳኛ ነበረው፤ ዳኛውም አይለምንም።

ልጅሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ሁለት እግሩን በባላጋራው ወገብ ዙሪያ አስገብቶ፣ በክንዱ ጉሮሮውን ቢያንቀው ምን ይባላል? ወዲያው ስሙን ይነግርሻል፤ በየሳምንቱ የሚለማመደው ነገር ነው። አሁን የ564ቱን ኦሎምፒያ ንገሪው። የፊጋሊያው አሪኪዮን ሦስተኛ ድሉን ፍለጋ ገብቶ ልክ እንደዚያ ተያዘ። ይህን የሚተርክልን ፊሎስትራቶስ አያያዙን በዝርዝር ጽፎታል፦ ክንዱ ጉሮሮ ላይ፣ እግሮቹ በጉያ በኩል ገብተው የእግሮቹ ጫፍ ከባላጋራው ጉልበት ሥር ተቆልፈዋል። አሪኪዮን እየታነቀ ሳለ የባላጋራውን እግር አግኝቶ ጠመዘዘው። ቁርጭምጭሚት ነው የሚሉ አሉ፣ የእግር ጣት ነው የሚሉም አሉ። ያነቀው ሰውዬ ሕመሙን መቻል አቅቶት ጣቱን አነሣ፤ በዚያች ቅጽበት አሪኪዮን ሞተ። ዳኞቹ እጅ የሰጠው ሕያው የሆነው ነውና የአሸናፊውን ዘውድ ለሬሳው ሰጡት።

ይህን ያወራሁልሽ ላስፈራሽ አይደለም። አያያዙን እንድታዪው ነው። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 12፣ 1993 ዓ.ም. አሜሪካ ዴንቨር ከተማ በተደረገው፣ ዩ ኤፍ ሲ በሚባለው የኤም ኤም ኤ ውድድር የመጀመሪያ ምሽት፣ ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ ሆላንዳዊውን ጄራርድ ጎርዶን ለፍጻሜ ገጥሞ ያሸነፈው ከኋላ አንቆ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ መጽሐፍ የለም፤ መምህር የለም፤ ሰንሰለት የለም። የሰው አንገት ግን ያው የሰው አንገት ነው።

አሁን ወደ ኢያሊሶስ። ዲያጎራስ በ464 ኦሎምፒያ ላይ በቡጢ አሸነፈ። ፒንዳሮስ የሚባለው ታላቅ ገጣሚ ውዳሴ ጻፈለት፤ ሮዶሶች ግጥሙን በወርቅ ፊደል አስጽፈው እዚያው ደሴት ላይ ሊንዶስ በሚገኘው፣ አቴና በምትባለው ሴት አምላካቸው ቤተ መቅደስ አኖሩት ይባላል። ከዚያ ፊደል ዛሬ አንዲት አልተረፈችም፤ ግጥሙ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ወርቁ ሄዶ ቃሉ ቀረ።

ትልቁ ልጁ ዳማጌቶስ የልጅሽን ስፖርት ነው የያዘው፤ በ452 እና በ448 በፓንክራቲዮን አሸነፈ። በ448 ሌላው ልጁ አኩሲላዎስ በቡጢ አሸነፈ። ሁለቱ ወንድማማቾች ዘውዳቸውን ደፍተው አባታቸውን በትከሻቸው ተሸክመው በሕዝቡ መካከል ሲያልፉ አበባ ይበተንላቸው ነበር። ያን ጊዜ አንድ ስፓርታዊ ወደ ሽማግሌው ቀርቦ «ዲያጎራስ ሆይ፣ ከዚህ በላይ ሰማይ አትወጣምና አሁን ሙት» አለው ይባላል። እዚያው በልጆቹ ትከሻ ላይ አረፈ የሚሉም አሉ።

ታናሹ ዶሪዬዎስ ግን ሁሉንም በለጠ። በ432፣ በ428 እና በ424፣ ሦስት ኦሎምፒያ በተከታታይ፣ በፓንክራቲዮን። ኢስትሚያ በሚባለው ውድድር ስምንት ጊዜ፣ ኔሜያ ላይ ሰባት ጊዜ። ዴልፊ ላይ ደግሞ የሚገጥመው ሰው ጠፍቶ አሸነፈ፤ ግሪኮች ለዚህ «አኮኒቲ» የሚል ቃል ነበራቸው፤ «ያለ አቧራ» ማለት ነው። ገላቸውን ዘይት ተቀብተው አፈር ነስንሰው ነበር የሚገጥሙት፤ እሱ አፈሩን ሳይነካ ዘውዱን ወሰደ። ቱኪዲደስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ አንዱን ዓመት ለአንባቢው ለማስታወስ ሲፈልግ «የሮዶሱ ዶሪዬዎስ ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሎምፒያ» ይላል። አንድ ተፋላሚ የዘመን መቁጠሪያ ሆኖ ማለት ነው።

ከዚያ ፖለቲካ ገባበት። ቤተሰቡ ከአቴንስ ከተማ ጋር ተጣልቶ ተሰደደ፤ ዶሪዬዎስ መርከቦች ይዞ ከስፓርታ ጎን ተዋጋ፤ አቴናውያንም ማረኩት። ሊፈርዱበት ጉባኤ ሲያቀርቡት ግን ያን ዝነኛ ሰው በእስረኛ መልክ አይተው አንጀታቸው አልቻለም፤ ያለ ቤዛ ለቀቁት። የሚገርመው በኋላ የገደሉት የተዋጋላቸው ስፓርታዎች ናቸው ይባላል።

አሁን ስለ አንቺ። ድብድቡን አልወደውም ብለሻል፤ ልጅሽ ሲገጥም ግን ሄደሽ እንደምታዪው እገምታለሁ። ዲያጎራስ ሴት ልጅም ነበረችው፤ ካሊፓቴይራ። ያኔ ኦሎምፒያ ላይ ያገባች ሴት ውድድሩን ስትመለከት ከተገኘች ቲፓዮን ከሚባል ገደል ትወረወር ዘንድ ሕግ ነበረ። ካሊፓቴይራ ባሏ ሞቶባታል፤ ልጇ ፔይሲሮዶስ ቡጢ ሊገጥም ነው። እንደ ወንድ አሠልጣኝ ለብሳ ልጇን ይዛ ገባች። ልጁ ሲያሸንፍ አሠልጣኞች የሚቆሙበትን አጥር ዘልላ ስትወጣ ልብሷ ተገለጠና ታወቀች። ገደሉ ተረሳ፤ የአባቷን፣ የወንድሞቿንና የልጇን ድል አስበው ምንም ሳያደርጓት ለቀቋት። ብቻ ከዚያ ወዲህ አሠልጣኞችም እንደ ተወዳዳሪዎቹ ራቁታቸውን እንዲገቡ ሕግ ወጣ። ይህን በአስጎብኚነት ስናገር እናቶች ሁሉ ይስቃሉ፤ አባቶች አሠልጣኙን ያስባሉ መሰለኝ ዝም ይላሉ።

ስለ ጉዳቱም አንድ ነገር። በዚያ ዘመን ሰዎች ከሁሉ ይፈሩት የነበረው ፓንክራቲዮኑን ሳይሆን ቡጢውን ነበር። በ212 የቴቤሱ ክሌይቶማኮስ በሁለቱም ተመዝግቦ ሳለ፣ ቡጢው ሳያቆስለኝ ፓንክራቲዮኑን አስቀድሙልኝ ብሎ ዳኞቹን ለምኗል። የታሸገ እጅ ያለማቋረጥ ራስ ላይ ሲያርፍና፣ ባዶ እጅ ጥቂት መትቶ ወደ መያያዝ ሲሄድ ልዩነት አለው። ዛሬም በጓንትና በጭንቅላት ጉዳት ላይ የሚደረገው ክርክር እዚያው ላይ ነው የቆመው።

እንግዲህ ዝምድናው ምንድን ነው? የደም ሐረግ ከሆነ የለም። በ4ኛው መቶ ዘመን ዓ.ም. መጨረሻ፣ በንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ጊዜ ገደማ፣ ኦሎምፒያ ሲዘጋ ፓንክራቲዮን አብሮ ጠፋ። ኦሎምፒክ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ሲታደስ ትግሉ ገባ፤ ቡጢው ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከተለ፤ ፓንክራቲዮን ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። «ከግሪክ በእስክንድር ወታደሮች ወደ ሕንድ፣ ከሕንድ ወደ ቻይና፣ ከዚያ ወደ ጃፓን» የሚል ታሪክ ልጅሽ ኢንተርኔት ላይ ያነብባል፤ ያማረ ታሪክ ነው፤ ማስረጃ ግን አያቀርብም።

የዛሬው ኤም ኤም ኤ እውነተኛ መንገዱ ሌላ ነው። ሚትሱዮ ማኤዳ የሚባል ጃፓናዊ ጁዶኛ አገር ለአገር እየዞረ ሲጋጠም ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1914 ዓ.ም. ብራዚል ገባ፤ ኋላም ቤሌም በምትባል ከተማ ተቀመጠ። ከእሱ ከተማሩት አንዱ ወጣቱ ካርሎስ ግሬሲ ነበር። የግሬሲ ወንድማማቾች ትምህርቱን በራሳቸው መንገድ እየቀየሩ፣ ማንም ይምጣ እያሉ በአደባባይ ይፈትኑት ጀመር። በብራዚል የዚህ ዓይነት ግጥሚያ ስሙ «ቫሌ ቱዶ» ነው፤ በፖርቱጋልኛ «ሁሉም ይፈቀዳል» እንደ ማለት ነው። ልብ በይልኝ፤ ግሪኮቹም «ሁሉ» ብለው ነው የሰየሙት። ማንም ከማንም ሳይሰማ።

እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ሪዮ ዴ ጃኔሮ በማራካና ስታዲየም ጃፓናዊው ማሳሂኮ ኪሙራ ከካርሎስ ታናሽ ወንድም ከኤልዮ ጋር ገጠመ። ኪሙራ ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ያዘው፤ ኤልዮ እጅ አልሰጥም አለ፤ ክንዱ ተሰበረ፤ በመጨረሻ ከውጭ ሆነው «በቃው» ለማለት ፎጣ ጣሉለት። ብራዚላውያን በሽንፈታቸው አላፈሩም፤ መያዣውን በአሸናፊው ስም ጠሩት። ዛሬ ልጅሽ ጂም ውስጥ «ኪሙራ» ሲል የሚጠራው ያን ሰው ነው።

ጃፓንም በራሷ በኩል እየመጣች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. መሐመድ አሊ ቶኪዮ ላይ ከታጋዩ አንቶኒዮ ኢኖኪ ጋር 15 ዙር ገጠመ። ኢኖኪ ብዙውን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ የአሊን እግር ሲረግጥ ዋለ፤ እኩል ተባሉ፤ ተመልካቹም ተናደደ። እንደ ትርዒት አሰልቺ ነበር፤ ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲያ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ከዩ ኤፍ ሲ ጥቂት ሳምንት ቀድሞ ጃፓን ውስጥ የተጀመረው ውድድር ስሙ «ፓንክሬዝ» ነው። ከየት እንደተወሰደ መናገር አያስፈልገኝም። የጥንቱ ስፖርት እዚህ ጋ ነው ወደ ዘመናዊው የሚገባው፤ በስሙ።

የዴንቨሩን ምሽት አሁን ከኦሎምፒያው ጋር አስተያዪው። ስምንት ሰዎች፣ የክብደት ምድብ የለም፣ በአንድ ምሽት ያሸነፈ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አርት ጂመርሰን የሚባል ቡጢኛ በአንድ እጁ ብቻ ጓንት አድርጎ ገባ። ከተከለከሉት ጥቂት ነገሮች ዋነኞቹ መንከስና ዓይን መውጋት ነበሩ። ሰዎች ድብድብን ስፖርት ለማድረግ ሲነሡና ሕጉን እየቀነሱ ሲሄዱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እዚያው ጥርስና ዓይን ላይ ይቆማሉ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ለልጅሽም «የተወለደበት» ከማለት ይልቅ «ቀድሞ የተደረሰበት» ብትዪው ትክክል ትሆኛለሽ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ጩኸት በዛ፤ የአሜሪካ ፖለቲከኞች ተነሡበት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ኒው ጀርሲ ላይ የተደራጀው የጋራ ሕግ የክብደት ምድብ፣ ዙር፣ ጓንትና ረጅም የክልክል ዝርዝር አመጣ። ልጅሽ የሚሠለጥነው በዚህኛው ነው፤ በአሪኪዮኑ አይደለም።

አሁን የሚታየውን ልንገርሽ፤ ከሆቴሉ መውጣታችሁ የግድ ነው ብዬ ነው የምነሣው።

ከኢያሊሶስ ወደ ውስጥ ቀና ብትዪ የጥድ ዛፍ የሸፈነው ኮረብታ ታያለሽ። ፊሌሪሞስ ይባላል፤ ከፍታው 267 ሜትር ነው። የዲያጎራስ ከተማ አምባ እዚያ ላይ ነበር። አሁን የምታዩት የአቴና ቤተ መቅደስ መሠረት ከእሱ በኋላ፣ በ3ኛውና በ2ኛው መቶ ዘመን፣ የተሠራው ነው፤ ስለዚህ ልጅሽ «ዲያጎራስ የረገጠው ድንጋይ» ብሎ ፎቶ ቢለጥፍ ተይው፤ ቦታው እንጂ ድንጋዩ አይደለም። አንቺ የምትወጂው ግን ከጎኑ ያለውን ይመስለኛል። በቤተ መቅደሱ ፍርስራሽ ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ነበር፤ ከእሱ በመስቀል ቅርጽ የተቦረቦረ የጥንት ክርስቲያኖች ማጠመቂያ ቀርቷል። ደረጃ ወርዶ ገብቶ በሌላው በኩል የሚወጣበት ነው። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ሳላየው አልፌ አላውቅም። ከዚያ ጣሊያኖች ደሴቲቱን በያዙበት ጊዜ በተሠራው የሕማማት መንገድ ብትሄዱ ትልቅ መስቀል ያለበት ጫፍ ላይ ትወጣላችሁ፤ ባሕሩና የሆቴሎቹ ሰልፍ ከታች ይዘረጋል።

ሮዶስ ከተማ ላይ ደግሞ አሮጌውን ቅጥርና የባላባቶቹን መንገድ ሁሉም ያሳያችኋል፤ እኔ አልደግመውም። ልጁን ግን ሞንቴ ስሚዝ ወደሚባለው ኮረብታ ውሰዱት። የጥንቱ ስታዲየም እዚያ ነው፤ 200 ሜትር አለፍ ይላል፤ ጣሊያኖች ናቸው መልሰው የጠገኑት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሩጥበት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ408 ሲሆን የዶሪዬዎስ የመጨረሻ የኦሎምፒያ ድል 424 ነው፤ ስለዚህ እሱ በወጣትነቱ እዚህ ሮጦ ነበር የሚልሽን አስጎብኚ አትመኚው።

ሊንዶስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። የወርቁ ግጥም የነበረበት ቤተ መቅደስ ቦታ አምባው ላይ ነው። ከሥሩ ያለችው ትንሽ ወደብ የቅዱስ ጳውሎስ ወሽመጥ ትባላለች፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ላይ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ ደሴቲቱን እንደነካ ተጽፏልና የአገሩ ሰው ያረፈው እዚህ ነው ይላል። ባለቤትሽም እዚያ መዋኘት ይችላል፤ ማጉረምረሚያ አያገኝም።

ስለ ሆቴሉ ጥቂት ላክል፤ ከሙያዬ ውጭ አይደለም። ይህ አንድ ጊዜ ከፍሎ ሁሉን የማግኘት ነገር በዘመናዊ መልኩ ደሴት ላይ ነው የጀመረው። ዤራር ብሊትዝ የሚባል ቤልጂጋዊ ክለብ ሜድን መሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. ማዮርካ ደሴት ላይ በወታደር ድንኳን የመጀመሪያውን ሰፈር ተከለ። ያኔ ሐሳቡ ሰው ገንዘብ ሳይቆጥር እንዲጫወት ነበር። አሁን ግን ሆቴሉ ለእንግዳው የሚያስርለት የክንድ አምባር አንዳንዱን ሰው እንደ ካቴና ይይዘዋል፤ «ከፍያለሁ፣ ለምን ውጭ እበላለሁ» እያለ ሰባት ቀን ከመዋኛው ሳይወጣ ይመለሳል። አንድ ጊዜ በአንድ ሆቴል «የፓንክራቲዮን ምሽት» አለ ተብዬ እንግዶቼን ይዤ ሄጄ፣ የፕላስቲክ ቆብና ሰይፍ የያዙ ልጆች ሲዘሉ አየሁ። ያ የሮማውያን ግላዲያተር ነው፤ ፓንክራቲዮን ሰይፍ አያውቅም። ይህን ብናገር የሆቴሉ እንግዳ አጫዋች በነጻ ኮክቴል አባበለኝ።

«ሁሉም ተካቷል» ቢባልም የማይካተት አለ። ግሪክ ውስጥ ለአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት የሚከፈል የመንግሥት ክፍያ አለ፤ ኮከቡ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስትገቡ ወይም ስትወጡ ጠረጴዛው ላይ ይጠየቃል። ጀርመን ሳለሽ ውልሽ ላይ ተካትቶ እንደሆነ እዪ። ኢያሊሶስ ያለው ምዕራብ ዳርቻ ነው፤ ነፋስ ይወደዋል፣ ዳርቻውም ጠጠር ነው፤ የውኃ ጫማ ያዙ። አሸዋ ከፈለጋችሁ ምሥራቁ በኩል ነው።

ረቡዕና ዓርብ የምትጾሚ ከሆነ አትቸገሪም፤ ግሪኮችም እነዚያኑ ቀናት ይጾማሉና አስተናጋጁን «ኒስቲሲሞ» ብትዪው ይገባዋል። በቲማቲም የተጋገረ ትልልቅ ባቄላ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ የአትክልት ጥብስ ያሳይሻል። ሽሪምፕና ኦክቶፐስም ይጨምርልሻል፤ ለእነሱ የጾም ነው። እሱን አንቺ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ለፊሌሪሞስ ማለዳ ውጡ፤ የአውቶቡስ ተጎብኚዎች ሳይደርሱ። ከዋዜማው ማታ የምሳ ጥቅል ከሆቴሉ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ስትጠይቂ ይሰጣሉ፤ ራሳቸው ግን አይነግሩሽም። ጥቅሉን ግን ቦርሳው ውስጥ ዝጊበት። እዚያ ጥዶቹ ሥር ጣዎሶች በነጻነት ይንጎራደዳሉ፤ አንዴ የዳቦ ሽታ ከሸተታቸው ጣታችሁን ብታነሡም «በቃኝ» ብለው አይመለሱም።